ሲኒየር ባክኤንድ ዴቨሎፐር ስትቀጥሩ ስለ ብልሽት ጠይቁ

አዳማ ላይ ለድርጅት ባለቤቶችና ለሶፍትዌር ባለሙያዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ወንበር አለ።

ቴሌግራም ላይ ከሚለጠፉት የሥራ ማስታወቂያዎች ልነሳ። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። «ሲኒየር ባክኤንድ ዴቨሎፐር እንፈልጋለን። ፓይተን፣ ጃቫ፣ ኖድ፣ ላራቬል የሚችል። ሪአክትና ሞባይል አፕ ቢጨምር ይመረጣል። ከ5 ዓመት በላይ ልምድ። በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል። ደመወዝ በስምምነት።»

ይህን የጻፈው ሰው ክፋት የለበትም። የሚፈልገውን ስላላወቀ ያገኘውን ሁሉ ደረደረ። ችግሩ ግን እሱ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ማስታወቂያውን አይቶ ያልፈዋል። ስድስት ቴክኖሎጂ አንድ ላይ ሲያይ «እነዚህ ሰዎች ገና አልወሰኑም» ይላል። «በጫና ውስጥ» የምትለዋን ሲያነብ ደግሞ እሁድ ጠዋት የሚደውል አለቃ ይታየዋል። የሚያመለክተው ማን ነው? ሁሉንም እችላለሁ የሚለው ነው።

ከሙያው ውጭ ለሆናችሁ አጭር ማብራሪያ ልስጥ። ሲኒየር የሚባለው የበሰለው ፕሮግራመር ነው፣ ጁኒየር ደግሞ ጀማሪው። ባክኤንድ ደንበኛው የማያየው ክፍል ነው። ገንዘቡን የሚቆጥረው፣ መዝገቡን የሚይዘው፣ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ገጽ ሲበላሽ ደንበኛው ወዲያው ያያል፣ ይጮሃል፣ ይስተካከላል። ባክኤንድ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያይም። ሂሳቡ ቀስ ብሎ ይዛባል። ወር መጨረሻ ላይ የሂሳብ ሠራተኛዋ «ይሄ ነገር አልገጥም አለኝ» ስትል ነው የሚታወቀው።

መጋቢት 2016 ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ። ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ሌሊት ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ነበር። ባንኩ በኋላ እንዳስረዳው ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አልነበረም፣ ከራሱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ሰብሮ የገባ ሌባ የለም ማለት ነው። ያን ያህል አቅም ያለው ተቋም ላይ ከደረሰ፣ እኔና እናንተ ጋ የማይደርስበት ምክንያት የለም። እኛ ጋ ሲደርስ ዜና አይሆንም እንጂ።

ዛሬ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሥራው ሰላም ሲሆን ጁኒየርና ሲኒየር አይለይም። ሁለቱም ቆንጆ ኮድ ይጽፋሉ። የሚለዩት አንድ ነገር ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ስትቀጥሩም የምትጠይቁት ስለ ብልሽት ይሁን።

ከዚያ በፊት ግን፣ በእርግጥ ሲኒየር ያስፈልጋችኋል? እዚህ ካላችሁት ግማሾቻችሁ አያስፈልጋችሁም ብዬ እጠረጥራለሁ። ሱቅ ኖሯችሁ የምትፈልጉት ድረ ገጽና የቴሌግራም ቦት ከሆነ ጎበዝ ጀማሪ ይበቃችኋል። ሆቴል ከሆናችሁ ደግሞ የክፍል ማስያዣ ሲስተም ከዜሮ አታሠሩ፣ ተሠርቶ የሚሸጥ አለ። ሲኒየር የሚያስፈልገው ገንዘብ በሲስተሙ ውስጥ ሲያልፍ ነው። ወይም ብዙ ሰው አንድን መዝገብ እኩል ሲነካ። ወይም አሮጌው ሲስተም ሳይቆም አዲሱን መተካት ሲኖርባችሁ። ወይም ጀማሪዎች ቀጥራችሁ ኮዳቸውን የሚያነብላቸው ሲጠፋ። የመጨረሻው በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ማስታወቂያ ላይ ማንም አይጽፈውም።

ስለ ዓመታት ትንሽ ልበል። «5 ዓመት» የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1998 የብዙ አሥርት ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው ነበር። የቅጥር መመዘኛዎች የሠራተኛን ውጤት ምን ያህል ይተነብያሉ የሚለውን አነጻጸሩ። የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ራሱን ናሙና አድርጎ ማሠራትና ለሁሉም እኩል ጥያቄ ይዞ መጠየቅ ከላይ ወጡ። በፈረንጆቹ 2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ከልሰው ብዙዎቹን ቁጥሮች ዝቅ አድርገዋቸዋል። ያም ሆኖ የዓመት ብዛት ከፍ አላለም። እናንተ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ይህን ያለ ጥናትም ታውቁታላችሁ። የተሳቢ ሹፌር ስትቀጥሩ የመንጃ ፈቃዱን ዓመት አይታችሁ ቁልፍ አትሰጡም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲከዳው ምን እንደሚያደርግ ነው የምታወጣጡት።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። እኔ የምሠራበት ቢሮ ለጭነት ትራንስፖርት የሚሆን ሲስተም ነው የሚሠራው። ስለዚህ ለአመልካች የምንሰጠው ጥያቄ ከዚያው ይወጣል። እንዲህ ነው።

ሹፌሩ ከጅቡቲ ጭኖ በጋላፊ በኩል ገብቶ ሚሌ ደርሷል። ለነዳጅና ለመንገድ 30,000 ብር ያስፈልገዋል። ባለንብረቱ እዚህ አዳማ ቁጭ ብሎ በእኛ ሲስተም «ላክ» የሚለውን ይጫናል። ሲስተማችን ለሞባይል ገንዘብ ድርጅቱ ትእዛዝ ይልካል። መልስ እየጠበቀ ሳለ መስመር ተቋረጠ። ምን ታደርጋለህ?

በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ኮድ ጻፍ አንልም። ወረቀትና እስክሪብቶ አለ፣ ሻይም አለ።

አንዳንዱ ወዲያው «እንደገና እልካለሁ» ይላል። ገንዘቡ ግን መጀመሪያውኑ ሄዶ ሊሆን ይችላል። የተቋረጠው መልሱ እንጂ ትእዛዙ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሹፌሩ 60,000 ብር ደረሰው። እስኪ ከሚሌ አስመልሱት! ሌላው «ኤረር አሳያለሁ» ይላል። ባለንብረቱ ኤረሩን አይቶ ምን ያደርጋል? ራሱ ደግሞ ይጫነዋል። ያው ነው።

አንዲት አመልካች ነበረች፣ ከዚያ በፊት ብድርና ቁጠባ ላይ የሠራች። ጥያቄውን ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ «ከመላኬ በፊት ጽፌዋለሁ?» አለችኝ። ምኑን አልኳት። «ልልክ መሆኔን።»

እኔ ያኔውኑ ልቀጥራት ፈልጌ ነበር። ጓደኛዬ በዓይኑ ያዘኝና ጥያቄው ቀጠለ።

ያለችው ይህን ነው። ሲስተሙ ትእዛዙን ከመላኩ በፊት ዳታቤዝ ውስጥ፣ ማለትም በመዝገቡ፣ «በመጠባበቅ ላይ» ብሎ ይመዘግባል። ለዚያች ክፍያ ብቻ የሚሆን መለያ ቁጥር ይሰጣታል። መስመር ቢቋረጥ መዝገቡ አለ። ከዚያ የክፍያ ድርጅቱን «ይህች ቁጥር ምን ደረሰች?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞ መላክ ካስፈለገም በዚያው ቁጥር ይልካል። ተቀባዩ ቁጥሯን አይቶ «ይህችን አውቃታለሁ» ካለ ሁለተኛ አይከፍልም። ከዚያ እሷው መልሳ ጠየቀችን። የክፍያ ድርጅቱ የእኛን ቁጥር ይቀበላል ወይስ የራሱን ብቻ ነው የሚሰጠው? ሲስተማችን ክፍያው ምን እንደደረሰ የሚጠይቅበት መንገድ (ኤፒአይ) አለው? «ተከፍሏል» የሚለው ማሳወቂያው ሁለት ጊዜ ቢመጣስ? ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። ብዙ የክፍያ ሲስተሞች «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካላገኙ ደጋግመው ይልካሉ። ስለዚህ ሁለተኛዋን ዳታቤዙ ራሱ እንዲመልሳት መለያ ቁጥሯ ላይ ድግግሞሽ የሚከለክል ገደብ ይደረጋል። ፕሮግራመሩ እንዲያስታውስ አይጠበቅም።

ይህን ሁሉ ካለች በኋላ «በየጠዋቱ የእነሱን ስቴትመንት ከእኛ መዝገብ ጋር የሚያስታርቅ ሥራ ይኑር» አለች። ሂሳብ ማስታረቅ እናንተ የምታውቁት ነገር ነው። ብዙ ፕሮግራመር ግን ኮዱ ትክክል ከሆነ ማስታረቅ አያስፈልግም ብሎ ያስባል። ገንዘብ አካባቢ የከረመ ሰው እንደዚያ አያስብም።

የወደድኩት ግን የመጨረሻውን ጥያቄዋን ነው። «በዚህ መሀል ባለንብረቱ ስልኩ ላይ ምን ይታየዋል?» አለች። «እየተጣራ ነው፣ ደግመው አይላኩ» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ ፈለገች። ዳታቤዝ ውስጥ ሆና ሰውየውን አልረሳችውም።

ልብ በሉ፣ አንድም ጊዜ የቋንቋ ስም አልተነሳም። ጃቫ ይሁን ጎ ይሁን ፒኤችፒ ይሁን ጉዳዩ አልነበረም። እናንተም ከራሳችሁ ሥራ እንዲህ ያለ ጥያቄ አውጡ። ፋርማሲ ከሆናችሁ፣ አንድ የቀረ መድኃኒት ሁለት ካሸር እኩል ሲሸጡት ምን ይሆናል በሉ። ትምህርት ቤት ከሆናችሁ፣ ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ወላጅ ሁሉ እኩል ሲገባ። ደግሞ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ አለበለዚያ ማነጻጸር አትችሉም።

ሁለተኛው ጥያቄያችን «በእጅህ ያለፈ ከባድ ብልሽት ንገረን» ነው። እዚህ ላይ ዝርዝር አዳምጡ። ምን ሰዓት ታወቀ? ማን አወቀ፣ ደንበኛው ነው ወይስ ሲስተሙ ራሱ ነገራችሁ? መጀመሪያ ምን አየህ? ለደንበኛው ማን ነገረው? ከዚያ በኋላ ምን ተቀየረ? የኖረበት ሰው ሲያወራ ያስታውቃል። የዳታቤዙ ዲስክ ሞልቶ ሌሊት እንዴት እንደቆመ ይነግራችኋል፣ የትኛውን ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚጽፍበትን ፋይል) እንደከፈተ ሳይቀር። «እኔ ብልሽት ገጥሞኝ አያውቅም» የሚል ካለ ሰው የሚጠቀምበት ሲስተም አጠገብ አልነበረም ማለት ነው። ሁሉንም በቀድሞ ባልደረቦቹ ላይ የሚጭን ካለ ደግሞ ነገ የእናንተን ስም ነው የሚያነሳው።

ሦስተኛ ደግሞ የሀገራችን ነገር አለ። ከውጭ ቪዲዮ ብቻ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሹፌሩ «3 ሰዓት ደረስኩ» ብሎ ይጽፋል። ጠዋት ከሆነ ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው፣ ማታ ከሆነ 21 ሰዓት። ሲስተሙ ዝም ብሎ 3 ብሎ ከመዘገበው መኪናው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደረሰ ማለት ነው። ደንበኛው የዘገየበትን ቅጣት ሲያሰላ ጸብ ይነሳል። ጳጉሜስ? 5 ወይም 6 ቀን ያላት ወር ናት። ወርሃዊ ሪፖርት የሚያወጣው ኮድ 12 ወር ብቻ ካወቀ የጳጉሜ ጭነት የት ይገባል? የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስምም አለ። የፈረንጅ ፎርም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ጋ ያለው የአባት ስም ነው። ፀሐይን አንዱ ጸሀይ፣ አንዱ ጸሃይ ብሎ ይጽፋታል። ፍለጋው ሦስቱን አንድ አድርጎ ካላየ አንዲት ደንበኛ ሦስት ሰው ትሆናለች። ይህን ሁሉ በቃሉ እንዲያውቅ አልጠብቅም። ቀን ማስገቢያ ያለበት ሥራ ሲሰጠው «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቁን ነው የማየው።

ቤት ወስደህ ሠርተህ አምጣ የሚባለው ፈተና አሁን ብዙ አይጠቅምም። ቻትጂፒቲ በደቂቃ ይሠራዋል። እኔ ቻትጂፒቲን አልከለክልም፣ ቢሮም እንጠቀምበታለን። ግን የሰውየውን ችሎታ አያሳየኝም። ይልቅ አጭር ኮድ ስጡትና አብራችሁ አንብቡት። ሆን ብላችሁ ጉድለት አስገቡበት። ለእያንዳንዱ መኪና ዳታቤዙን ለየብቻ የሚጠይቅ ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ)፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈ ፓስወርድ፣ ብርን በፍሎት፣ ማለትም በግምት በሚቀመጥ የአስርዮሽ ቁጥር፣ የሚይዝ ኮድ። ኮምፒውተር በፍሎት 0.1 እና 0.2 ሲደምር ውጤቱ 0.30000000000000004 ነው። ሳንቲም በሳንቲም የሚጠፋው እንደዚህ ነው። የመጀመሪያውን ጉድለት ማግኘቱን ብቻ አትዩ፤ ከሦስቱ ዛሬ መስተካከል ያለበት የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁት። ቀን ሙሉ የሚፈጅ ፈተና ከሰጣችሁ ደግሞ ክፈሉት። የደንበኞቻችሁን እውነተኛ ስምና ስልክ ለመፈተኛ አትስጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ።

አሁን ወደ ደመወዝ። ሳቃችሁን ሰማሁ።

«በስምምነት» የሚለውን ተዉት። ቢያንስ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ። ሲኒየር ሰው ሥራ አያጣም፣ ስለዚህ ለመገመት ጊዜ አያጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ ልጅ ደመወዙ በብር ሲታይ በአጭር ጊዜ ውስጥ እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ከእሱ ጋር በብር ልንወዳደር አንችልም። ይህን መቀበል ይሻላል።

በዚያ ላይ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። ከዚህ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች ዲግሪያቸውን እንደያዙ ወደዚያ ነው የሚያዩት። ግን በተቃራኒው ተመልከቱት። አዲስ አበባ ከርሞ የሰለቸው አለ። ትዳር መሥርቶ ልጅ ወልዶ ወደ ቤተሰቡ መመለስ የሚፈልግ አለ። የቤት ኪራዩ የመረረው አለ። እሱን ነው መፈለግ ያለባችሁ። እሱን የሚያመጣው ደግሞ የፒንግፖንግ ጠረጴዛ አይደለም። የሚያመጣው ደመወዝ በቀኑ መግባቱ፣ የሥራ ሰዓት መከበሩና «አይሆንም» ሲል መሰማቱ ነው። «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» አትበሉት። ቤተሰብ አለው።

ሙሉውን መክፈል ካልቻላችሁ በከፊል ጊዜ ቅጠሩት። እኔ ለትንሽ ድርጅት የምመክረው በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ሲኒየርና ሙሉ ቀን የሚሠራ አንድ ጠንካራ መካከለኛ ነው። ሲኒየሩ ኮድ ያነባል፣ ዳታቤዙን ይነድፋል፣ ትልልቁን ውሳኔ ይወስናል። ሁለት ድርጅቶች አንዱን ሰው ተካፍለው ቢይዙም ነውር የለውም፣ ተፎካካሪ እስካልሆኑ ድረስ። ስትነጋገሩ ደግሞ የተጣራ ነው ያልተጣራ የሚለውን መጀመሪያ ለዩ። የገቢ ግብሩ ከፍተኛው መጠን 35 በመቶ ነው፤ ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። አንዱ በእጅ የሚገባውን ሲል ሌላው ያልተጣራውን ሰምቶ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ቀን የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

ምስክር ስትጠይቁ ለቀድሞ አለቃው ብቻ አትደውሉ። በእሱ ስር የሠራ ጀማሪ ፈልጉ። «ኮድህን ሲያርም ምን ይልህ ነበር?» በሉት። ከአለቃው የማትሰሙትን ትሰማላችሁ።

የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ አድርጉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጠቃሚ እጅ የሚደርስ ትንሽ ሥራ ስጡት። ባክአፑን፣ ማለትም የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሌላ ማሽን ላይ መልሶ እንዲያስነሳም አድርጉ። ባክአፕ አለን የሚል ድርጅት ብዙ ነው፤ አስነስቶ ያየ ግን ጥቂት።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።

አንዲት እናት፣ የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት፣ «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም ልጄ፣ በምን ልፈትነው?» አሉ። እማማ፣ እርስዎ ሥራዎን ያውቃሉ። የሚሌውን ዓይነት ጥያቄ ከራስዎ ሥራ ያውጡና በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያስረዳዎት ይበሉት። ለእርስዎ እንዲገባ አድርጎ ማስረዳት ካልቻለ ለሠራተኞችዎም አያስረዳም። ለቴክኒኩ ደግሞ ከአመልካቹ ጋር የማይተዋወቅ አንድ ሲኒየር ለግማሽ ቀን ከፍለው አጠገብዎ ያስቀምጡ። የማይሆን ሰው ቀጥሮ ከማባረር ይረክሳል።

አንድ ተማሪ «ሲኒየር ለመሆን ምን ልማር?» አለ። ሰው የሚጠቀምበት አንድ ነገር አስነሳ፣ የአጎትህ ሱቅም ይሁን። ከዚያ ሲቆም ስልኩ የሚጮኸው የአንተ ይሁን። ኩበርኔትስ፣ የትልልቅ ሲስተሞች ማስተዳደሪያው፣ በኋላ ይደርሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ «ሁሉን ነገር ይዞ ጥሎን ቢሄድስ?» የሚል ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፣ ግን በሕግ ብቻ አትተማመኑ። ዶሜኑ (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሰርቨሩ፣ ኮዱ የሚቀመጥበት የጊትሀብ አካውንት፣ የፕሌይ ስቶሩ፣ ሁሉም በድርጅቱ ኢሜይልና ስልክ ይመዝገብ። ቁልፉ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ይህ ሲኒየሩን አለማመን አይደለም። እውነተኛ ሲኒየር ከሆነ ገና ሲገባ እሱ ራሱ ነው የሚጠይቃችሁ።

ከኋላ አንዱ «የእኛ ዶሜን ድረ ገጹን በሠራው ልጅ ስም ነው፣ ልጁ ቶሮንቶ ገብቷል» አለ። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ ወንድሜ፣ እዚያ አሁን ጠዋት ነው። ውጣና ደውልለት።